አልንዶሽ

ሰው ሲያዘኝ አልወድም። ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ካለችው የልብስ ስፌት ቤቴ የሚመጣ ሁሉ ይህን ያውቃል። «ቶሎ በይ» ያለኝ ደንበኛ ጨርቁን ይዞ ይመለሳል፤ «ሲደርስልሽ» ያለኝ ግን በማግስቱ ለብሶ ይወጣል። ባሌም ጥሎኝ የሄደው በዚሁ አመሌ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ የሄደው ሌላ ስላገኘ ነው እላለሁ። ያም ሆነ ይህ፣ በዚህ ምድር ላይ እንድታዘኝ የፈቀድኩላት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ታናሽ እህቴ ስርጉት ናት።

ያደግነው ጉና ሥር ነው። አባታችን ማሩ ገብስ ይዘራ ነበር፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ደግሞ ገብሱን ይወድ ነበር። ስለዚህ እኔና ስርጉት ማሳው መሀል፣ በእንጨት ከፍ ተደርጎ በተሠራ ማማ ላይ ከጧት እስከ ማታ እየዋልን እንጠብቅ ነበር። ጭላዳ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። እስኪመጣ ድረስ ሥራ የለም፤ ሥራ የፈታ ልጅ ደግሞ ነገር ያመጣል። እኛ ቋንቋ አመጣን።

መጀመሪያ ለስድብ ነበር። እናታችን እቴነሽ ጆሮዋ ነገር አያመልጠውም፤ ስንሳደብ ከሰማች ቁንጥጫዋ አይጣል ነው። ስለዚህ ስድባችንን ሰው በማያውቀው ቃል ለወጥነው። ከዚያ ቋንቋው እንደ ዱባ ሐረግ በየአቅጣጫው ሄደ። ለጭላዳው፣ ለጭጋጉ፣ ለእናታችን ቁጣ ሳይቀር ስም ወጣለት። አብዛኛው ዛሬ ጠፍቶብኛል።

ያልጠፋኝ የንጉሡ ቃል ነው። አንድ ቀን አባታችን ማማው ሥር ቁጭ ብሎ ስለ ድሮ ነገሥታት ያወራን ነበር። በእኛ አገር ሽማግሌ ወሬ ሲያልቅበት ነገሥታቱን ይጀምራል። ስርጉት አቋረጠችውና «አባ፣ ግን ንጉሥ ምንድን ነው የሚሠራ?» አለችው።

«ምንም» አላት። «ይቀመጣል። ሌላው ይሠራለታል። እሱን የሚልከው የለም።»

ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። የሚልከው የሌለ ሰው! እኛ እኮ ከተኛንበት ተነስተን ተመልሰን እስክንተኛ ድረስ «ውሃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ፣ ኩበት ሰብስቢ፣ ጥጃ መልሺ» የምንባል ልጆች ነበርን። ዘውዱም፣ ፈረሱም፣ ጦሩም አልገረመንም። ቁጭ የሚል ሰው መኖሩ ነው የገረመን።

አልንዶሽ አልነው። ከየት መጣ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ስርጉት አፏን ስትከፍት የወጣ ድምፅ ነው። ሕግም አበጀንለት። አንዷ ሌላዋን «አልንዶሽ» ካለቻት፣ የተባለችው ትቀመጣለች። ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ማንም አይልካትም። ጭላዳ ቢመጣ የምታባርረው ያቺ የጠራቻት ናት። እሸት ቆርጣ፣ በመዳፏ አሽታ፣ ገለባውን እፍ ብላ፣ ፍሬውን ብቻ እጇ ላይ ታደርግላታለች። ፀሐይ ስትገባ ንግሥናው ያልቃል፤ ያኔ የነገሠችው ቃሉን ለአገልጋይዋ ትመልስላትና የነገው ቀን የእሷ ይሆናል። ራስን አልንዶሽ ማለት ግን አይቻልም። ሌላ ሰው ካላለሽ አይደለሽም።

ስርጉት ስትነግሥ አቤት ኩራቷ! እግሯን ዘርግታ፣ አገጯን አንሥታ፣ «ይኸ ፍሬ ጥሬ ነው፣ ሌላ አምጪ! ፀሐዩን ጋርጂልኝ! እንደሱ አይደለም፣ ወዲህ ጠጋ በይ!» ትለኝ ነበር። እኔ ታላቋ እየሮጥኩ እታዘዛለሁ። የራሷ የማገልገል ተራ ሲደርስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እያጉረመረመች ትውላለች። ያንን ኩራቷን የምወደውን ያህል የምወደው ነገር አልነበረኝም።

አባታችን ከሞተ በኋላ ስርጉት ሪያድ ሄደች፤ ለቤት ሠራተኝነት። መጀመሪያ ትደውል ነበር። ለእናታችን በአማርኛ «ደህና ነኝ፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው» ትላታለች። ስልኩ እኔ እጅ ሲገባ ግን በኛው ቋንቋ እንቅልፍ እንደሌላት፣ ምግብ የምትበላው ሁሉም ከበሉ በኋላ እንደሆነ ትነግረኛለች። ከመዝጋታችን በፊት «አልንዶሽ» እላታለሁ፤ ትስቃለች። ቆይቶ ሳቋ ቀረ። ከዚያ ስልኩም ቀረ።

ሁለት ሰው ብቻ የሚናገረው ቋንቋ አንዱ ሲሄድ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ማሽኔ ላይ ሆኜ ለብቻዬ እናገረው ነበር፤ የሚመልስልኝ የለም። ናፈቀችኝ። ከሪያድ ወይም ከቤይሩት የተመለሰች፣ ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት ገበያ ውስጥ ከኋላዋ ባየሁ ቁጥር ፊቷን ለማየት ቀድሜያት ዞሬ እቆም ነበር። ሴቶቹ ይህች ሴትዮ ምን ሆነች እያሉ ያዩኛል። እኔም ጨርቅ የማይ መስዬ አልፋቸዋለሁ።

ባለፈው የካቲት ስርጉት ወደ ቤታችን ተመለሰች። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» ሊል መጣና ዓይኑ ሻንጣ ፍለጋ ቤቱን ዞረ። ሻንጣ የለም፤ አንዲት ፌስታል ነች። ቃልም የለም። ስርጉት ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች። ቁጭ በይ ሲሏት ትቀመጣለች፤ ሰው በገባ ቁጥር ብድግ ትላለች። ብዪ ሲሏት ትበላለች። በገዛ ፈቃዷ ግን አንድ ነገር አትነካም፣ አንድ ነገር አትናገርም። በኛ ቋንቋ አናገርኳት። ስለ ጭላዳው አነሣሁላት፣ ያንን የድሮ ስድባችንን ሁሉ ሰደብኳት። እጆቿን ታያለች እንጂ አትመልስልኝም።

አልንዶሽን ግን አላልኳትም። ፈራሁ። ያንን ብያት ዝም ብትለኝ፣ ከዚያ በኋላ የምላት ምን ይቀረኛል?

መስከረም ሲጠባ እናቴ ጉና ግርጌ ወዳለ ጠበል ይዛት ሄደች። እኔ የተማሪ ደንብ ልብስ ወቅት ነበርና ቀረሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ስተክል ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፤ ከደስታዋ ብዛት ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

«እልል በይ ድንቅነሽ! ስሙን ተናገረ!»

«የማንን ስም?»

«የያዛት ነዋ! መምሬ አለምነው መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው ‹ስምህ ማን ነው› ቢሉት ‹አልንዶሽ ነኝ› አለ!»

መርፌው ከእጄ ወደቀ። ያንን ቃል ከእኔና ከስርጉት አፍ በቀር ከማንም አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ነኝ ብላለች?» አልኳት።

«አልንዶሽ ብቻ ነው ያለ። ነኙ ያው የታወቀ ነው» አለችኝ።

ጠበል ቦታ ልማዱ እንዲህ ነው። መንፈሱ ስሙን ከተናገረ ግማሹ ተሸነፈ ይባላል። ከዚያ በኋላ አጥማቂው ያንን ስም ይገዝታል፤ በሽተኛዋ በጠራችው ቁጥር ጠበል ይረጫታል፣ መስቀል ያሳርፍባታል፣ መጥራቱን እስክታቆም ድረስ። ስታቆም ለቀቃት ይባላል። ብዙ ሰው በዚህ ድኗል፤ እኔም አልጠራጠርም።

«ትናንት ደጋግሞ ሲጠራው ዋለ» አለች እናቴ። «ዛሬ አንዴ ብቻ ነው። እየደከመ ነው። ነገ ይለቃታል ብለዋል መምሬ።»

ሊለቃት የተቃረበው ምን እንደሆነ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። ከእህቴ ውስጥ የተረፈው አንድ ቃል ነው፤ እሱንም በእልልታ ሊሸኙት ነው። «እማዬ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳታስጠምቋት» ብዬ ጮህኩ። «አንቺ ሐኪም ነሽ?» ብላ ዘጋችብኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። መኪናው እስከደረሰበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ ዳገቱን በእግሬ። ስደርስ ጠበሉ ተጀምሯል። ከቋጥኙ ሥር ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ወረፋ ይጠብቃሉ። ጉልበቷን እንዲሻላት የመጣች ፈንታነሽ የምትባል ሴት ዳር ላይ አገኘችኝና «እህትሽ ናት? አይዞሽ፣ የሷ ደግ ነው፤ አይሳደብም፣ አይጮህም። ስሙም ያምራል» አለችኝ።

ስርጉት እርጥብ ነጠላ ለብሳ በሁለት ሴቶች መሀል ቆማለች። ቀና ስትል አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምጿ ከመጥፋቱ የተነሣ ቃሉን ከከንፈሯ አነበብኩት እንጂ አልሰማሁትም።

«አልንዶሽ።»

«አሁንም አለህ?» አሉ መምሬ አለምነው። ሸምገል ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ካባቸው እስከ ጉልበታቸው የራሰ ሰው ናቸው። በጣሳው ያለውን ጠበል አነሡ። እኔም መሀል ገባሁ። የጉና ውሃ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ትንፋሼ ቆመ።

«መምሬ፣ ይፍቱኝ» አልኩ ውሃው ከአገጬ እየተንጠባጠበ። «ይኸ የመንፈስ ስም አይደለም። እኔና እሷ ልጆች ሆነን የፈጠርነው ቃል ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ንጉሥ ማለት ነው።»

ወረፋው ሁሉ አጉረመረመ። ፈንታነሽ አማተበች፤ «ለካስ ትልቁ ነው የያዛት!» አለች።

«ልጄ» አሉኝ መምሬ ሳይቆጡ፣ «እዚህ ከመጣው ውስጥ ንጉሥ ነኝ፣ አለቃ ነኝ ያላለ የለም።»

«ራሷን አይደለም እኮ፣ እኔን ነው የጠራችኝ!»

«ሰይጣን ልጅ ሆናችሁም አብሯችሁ ነበር። ቋንቋውን ማን እንዳስተማራችሁ በምን ታውቂያለሽ?»

  ይባስ ብሎ እናቴ ፊቷ ተለዋውጦ መጣች። ለስርጉት የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን በሌላ ነገር ነው የተጎዳች።

«በእኔ ቤት? እኔ የማላውቀው ቋንቋ?» አለችኝ። «ምን ስትሉኝ ነበር?»

ያን ጊዜ ንግግሩን ተውኩት። አጠገቤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ ሄጄ ተቀመጥኩበት። እግሬን ዘረጋሁ።

«ተነሽ እንጂ፣ ወረፋው ይለፍ» አሉኝ መምሬ።

«አልነሣም አባቴ። ተጠርቻለሁ። ዛሬ እኔን የሚልክ የለም።»

ከኋላዬ ሳቅ ተሰማ። እኔ የማየው ስርጉትን ነው።  ከዚያ ሴቶቹ ከያዟት እጇን ቀስ አድርጋ አወጣች። ሊመልሷት ሲሉ መምሬ እጃቸውን አነሡና «ተዉአት፣ እንይ» አሏቸው። ስርጉት ከመንገዱ በታች ወዳለው የገብስ ማሳ ወረደች። መንገደኛ ከሰው ማሳ እሸት ቢቀጥፍ የሚቆጣው የለም፤ እሷም ጥቂት ዛላ ቀጥፋ መጣች። ከመጣች ጀምሮ ማንም ሳያዛት ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ነው።

ፊቴ ተንበርክካ አሸችው። እጆቿን ያኔ በቅርብ አየኋቸው፤ በረኪና የበላቸው፣ መዳፋቸው የተሰነጣጠቀ። እፍ አለች። ፍሬውን መዳፌ ላይ አደረገችው። ከዚያ ዞር ብላ ፀሐዩን ጋረደችልኝ። እንባዬ ከገብሱ ጋር እየተቀላቀለ በላሁ።

መምሬ ሌላ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ወረፋውም ተበተነ፤ ሰው ሁሉ እኛን ያያል። መምሬ ስርጉት ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ወደ ማሳው ወርዳ ስትመለስ አይተው ወደ እናቴ ዞሩ።

«እቴነሽ፣ ሰይጣን ከሰማይ የወደቀ አላገለግልም ብሎ ነው» አሏት። «የሚያገለግል ሰይጣን እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም። ልጅሽ ጠበሉን ትጠጣ፣ ትጠመቅ። ቃሉን ግን አልገዝትም።»

አሸንፌ ነበር። መነሣት እችል ነበር፤ ግን ፀሐይ ሳትገባ ብነሣ ጥሪዋን ማፍረስ ነው፣ ስለዚህ ተቀምጬ ዋልኩ። ያ ቀን በሕይወቴ የከበደኝ ቀን ነው። ስርጉት አንዴም አላጉረመረመችም። ውሃ ሳይጠማኝ ጣሳው አጠገቤ ነበር። ጀርባዬን ሳያመኝ ነጠላዋን አጥፋ ደገፈችልኝ። ዓይኔ ወዴት እንደሄደ አይታ ከመጠየቄ በፊት ታመጣዋለች። በልጅነታችን እንዲህ አላገለገለችኝም። ይህንን ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው ቤት ነው የተማረችው። እኔ የማላውቃት አንዲት ሴትዮ ለዓመታት ያየችውን ነበር የማየው።

እናቴ ከጎኔ መጥታ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ኩርፊያዋ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ሕጉን አንድ ባንድ ነገርኳት።

«ማንም አይልካትም?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ዝም ብላ ትቀመጣለች?»

«ዝም ብላ።»

 «እኔን ብላችሁኝ ታውቃላችሁ?» አለችኝ። አላልናትም ነበር። እጇን ያዝኩ።

ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ስትወርድ ብርዱ መጣ። ተነሣሁ፤ ጉልበቴ ተሳስሯል። ስርጉት ጣሳውን ይዛ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ሆንኩና፣ ከየካቲት ጀምሮ የፈራሁትን ቃል ተናገርኩ።

«አልንዶሽ።»

ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች።

ከኋላዋ ማንም አልነበረም። «አንቺን ነው፣ ስርጉ» አልኳት። ድንጋዩን አሳየኋት። ድንጋዩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እናታችንን አየቻት፤ አልተቀመጠችም። ቁጭ በይ ብላት እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። ግን ያ ትእዛዝ ነው፤ አልንዶሽን ደግሞ የሚያዝ የለም። ቀኗ ነገ ቢሆንም እስኪነጋ አልጠበቅኩም፤ ጣሳውን ብቻ ከእጇ ወሰድኩ። ወደ ማሳው ወርጄ እሸት ቀጠፍኩ፣ አሸሁ፣ እፍ አልኩ፣ መዳፏን ገልጬ ፍሬውን አደረግኩላት።

ቆማ በላች። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እንደምትበላው ነው የበላችው፤ ፈጠን ፈጠን እያለች፣ ሰው የሚገባበት በር ያለ ይመስል ዓይኗን ወደ ጎን እንደ ጣለች።  እዘዢኝ፣ አልኩ በሆዴ። ስደቢኝ። ጥሬ ነው በዪኝ። እኔ፣ ሰው ቢያዘኝ የማልወደው ሴት፣ ይህችን አንዲት ነገር ስጠኝ ብዬ እግዚአብሔርን ለመንኩት።

በልታ ጨረሰች። መዳፏን አየችው፤ ባዶ ነው። እኔን ሳታየኝ፣ አንድም ቃል ሳትናገር፣ መዳፏን እንደገና ዘረጋችልኝ።

ወደ ማሳው ሮጥኩ።